ካልኩለስ ላይ ኤ፣ አናሊሲስ ላይ አራት ከሃያ

ባለፈው ሳምንት ማታ ታናሽ እህቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የሚቀጥለው ሴሚስተር የኮርስ ዝርዝር ነው። አንዱን ኮርስ በቀይ ከባዋለች። ከሥሩ «ወንድምዬ፣ ይሄ አናሊሲስ የሚሉት እውነት እንደሚባለው ነው? ሲኒየሮቹ ሲያወሩ ፈራሁ። ካልኩለስ ላይ እኮ ኤ ነው ያለኝ» ብላ ጽፋለች።

«ካልኩለስ ላይ ኤ ነው ያለኝ» የሚለውን ሳነብ ሳቄም ሐዘኔም አንድ ላይ መጣ። እኔም ሒሳብ ዲፓርትመንት ሳለሁ ልክ እንደዚሁ እያልኩ ነበር ወደ አናሊሲስ ክፍል የገባሁት። የመጀመሪያው ቴስት ሲመለስ አራት ከሃያ አገኘሁ።

«አይዞሽ፣ ቀላል ነው» ብዬ ልመልስላት ጀመርኩና አጠፋሁት። ቀላል አይደለማ! ግን ከባድ የሆነበት ምክንያት ሲኒየሮቹ የሚሉት አይደለም። እሱን በአንድ መስመር መጻፍ ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፈው። እሷም ታነበዋለች፣ እንደሷ እረፍት ላይ ሆናችሁ የምትጨነቁም ታነቡታላችሁ።

ሊሚቱም ዜሮ፣ ውጤቴም ዜሮ

የዚያ ቴስት የመጀመሪያ ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር። 1፣ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ፣ አንድ አምስተኛ እያለ የሚቀጥለው ሲኩዌንስ ሊሚቱ ዜሮ መሆኑን አሳዩ ይላል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀው ነገር! «ኤን እየጨመረ ሲሄድ 1 ለኤን እያነሰ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ስለዚህ ሊሚቱ ዜሮ ነው» ብዬ ጻፍኩና በኩራት ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ተሻገርኩ። ለዚህ መልስ ያገኘሁት ነጥብም ዜሮ ሆነ።

ወረቀቴን ይዤ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። «መምህር፣ ይሄ መልስ እኮ ትክክል ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ወደ ዜሮ ይጠጋል ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ወደ ኔጌቲቭ 1ስ አይጠጋም?»

ዝም አልኩ። እስክሪብቶ አነሱና የወረቀቴ ጀርባ ላይ የቁጥር መስመር አሰመሩ። 1 ከኔጌቲቭ 1 ያለው ርቀት 2 ነው። የግማሽ ርቀት 1.5፣ የሲሶ 1.33፣ የሩብ 1.25። «ርቀቱ እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ?» ብለው ጠየቁኝ። እየቀነሰ ነው። ሁሌም ይቀንሳል። «እንግዲህ በአንተ መልስ ከሄድን ሊሚቱ ኔጌቲቭ 1ም ነዋ!» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

ከቢሮው የወጣሁት ተናድጄ ነው። ዶርም ገብቼ ስተኛ ግን ገባኝ። ለዓመታት «ይጠጋል» እያልኩ ሳወራ ምን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ካልኩለስ ላይ ኤ ያመጣሁት ሊሚት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው። ማስላት እችላለሁ እንጂ ምን እያሰላሁ እንደሆነ መናገር አልችልም።

የአናሊሲስ ኮርስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አዲስ ነገር ብዙ የለውም፤ ሊሚት፣ ኮንቲኒዩቲ፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንተግራል፣ ሁሉንም ታውቋቸዋላችሁ። የሚቀየረው ጥያቄው ነው። ካልኩለስ «መልሱ ስንት ነው?» ይላል። አናሊሲስ ደግሞ «በምን አወቅህ?» ይላል።

በልሃ ልበልሃ

ታዲያ ትክክለኛው ዴፊኒሽን ምንድን ነው? መጽሐፉ ላይ በግሪክ ፊደል ተሞልቶ ስለሚመጣ ያስፈራል። እኔ የገባኝ በአያቶቻችን ሙግት ሳስበው ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ «በልሃ ልበልሃ» ተባብለው ነበር የሚሟገቱት። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ መልስ ያጣ ይረታል።

የሊሚት ዴፊኒሽንም ሙግት ነው። እናንተ «የዚህ ሲኩዌንስ ሊሚት ዜሮ ነው» አላችሁ። ባላጋራችሁ ይነሳና «እስኪ ከዜሮ ከ0.01 ባነሰ ርቀት ውስጥ አስገባልኝ» ይላል። ይህችን የሚመርጣትን ትንሽ ቁጥር ኤፕሲሎን እንላታለን። እናንተ «ከ100ኛው ተርም በኋላ ያሉት በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው» ትላላችሁ። ይህ የእናንተ መልስ ካፒታል ኤን ይባላል። ባላጋራው «0.000001ስ?» ካለ «ከአንድ ሚሊዮንኛው በኋላ» ትላላችሁ። ሙግቱን የምትረቱት አንድ ሁለቴ ስለመለሳችሁ አይደለም። የትኛውንም ከዜሮ የሚበልጥ ኤፕሲሎን ቢጠራ መልስ እንዳላችሁ ስታሳዩ ነው።

ስለዚህ ያን ቀን መጻፍ የነበረብኝ መልስ እንዲህ ነበር፦ «ኤፕሲሎን ተሰጥቶኛል። 1 ለኤፕሲሎን ሲካፈል ከሚመጣው የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር እመርጣለሁ፤ ካፒታል ኤን ይባል። ከዚያ በኋላ ያለው ተርም ሁሉ 1 ለካፒታል ኤን ከሚሆነው ያንሳል፤ ያ ደግሞ ከኤፕሲሎን ያንሳል።» አለቀ። ሦስት መስመር ነው።

ኔጌቲቭ 1ን እንሞክር። ባላጋራው «ግማሽ» ብሎ ኤፕሲሎን ቢጠራ ምን ትመልሳላችሁ? ሁሉም ተርሞች ከኔጌቲቭ 1 ከ1 በላይ ይርቃሉ። መልስ የለም፤ ተረታችሁ። «ይጠጋል» የሚለው ቃል ያልለየውን ነገር ይህ ዴፊኒሽን በአንድ ጥያቄ ለየው።

ሰው ሁሉ የሚወደው ዘፈን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ አናሊሲስ የከበደኝ ሒሳቡ ከብዶኝ መስሎኝ ነበር። ዞር ብዬ ሳየው ግን የከበደኝ ሁለት ቃል ነው፦ «ለማንኛውም» እና «አለ»። እነሱ ደግሞ የሒሳብ ቃል ብቻ አይደሉም፤ በአማርኛ በየቀኑ የምንጠቀምባቸው ናቸው።

እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

«እያንዳንዱ ሰው የሚወደው ዘፈን አለው።»

«ሰው ሁሉ የሚወደው አንድ ዘፈን አለ።»

የመጀመሪያው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የእኔ ሌላ፣ የእናንተ ሌላ። ሁለተኛው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ አንድ ዘፈን ተመረጠ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው እሱን ይውደድ ተባለ። ቃላቱ ያው ናቸው፤ የተቀየረው ማን መጀመሪያ እንደመጣ ብቻ ነው።

በሊሚት ዴፊኒሽን ውስጥ ኤፕሲሎን ይቀድማል፣ ካፒታል ኤን ይከተላል። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡትና «አንድ ካፒታል ኤን አለ፤ ለማንኛውም ኤፕሲሎን የሚሠራ» ብትሉ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ተርሞች በሙሉ ከሊሚቱ ጋር እኩል ናቸው ማለታችሁ ነው። የእኛ ግማሽና ሲሶ ይህን አያሟሉም፤ አንዳቸውም ዜሮ አይደሉማ።

በዚህ የተሰናከለው የእኔ ብጤ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዊው ኦግስታን ሉዊ ኮሺ አናሊሲስን በጽኑ መሠረት ላይ ካቆሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ኮንቲኒዩስ የሆኑ ፈንክሽኖች ማለቂያ በሌለው መንገድ ተደምረው ኮንቨርጅ ካደረጉ ድምሩም ኮንቲኒዩስ ነው ብሎ ጻፈ። በ1826 ወጣቱ ኖርዌያዊ ኒልስ ሄንሪክ አቤል በሳይን ፈንክሽኖች ድምር የተሠራ ምሳሌ አቀረበ፤ እያንዳንዱ ኮንቲኒዩስ ነው፣ ድምሩ ግን ይዘላል። ዛሬ ይህን የምንፈታው በዘፈኑ ጥያቄ ነው፦ ካፒታል ኤን ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ነው ወይስ ለሁሉም ነጥብ አንድ ነው? ሁለተኛው ዩኒፎርም ኮንቨርጀንስ ይባላል። የኮሺ ዐረፍተ ነገር የሚሠራው እሱ ሲኖር ነው። ልዩነቱ በግልጽ ተለይቶ እስኪወጣ ደግሞ ሌላ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። እናንተን አንድ ሳምንት ቢፈጅባችሁ ምን ይገርማል?

ሁለተኛው የቋንቋ ወጥመድ ተቃራኒ ነው። «ሁሉም ተማሪ መጥቷል» የሚለው ውሸት ከሆነ እውነቱ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ሁሉም ተማሪ አልመጣም» እንላለን። ይህ ግን ለአንዱ ሰሚ «ማንም አልመጣም» ነው፣ ለሌላው «የቀሩ አሉ» ነው። ትክክለኛው ተቃራኒ «ያልመጣ ተማሪ አለ» የሚለው ነው። «ሁሉም» ሲገለበጥ «አለ» ይሆናል፤ «አለ» ሲገለበጥ «የትኛውም አይደለም» ይሆናል። የሊሚት ዴፊኒሽንን እንዲህ ስትገለብጡት፦ «አንድ ክፉ ኤፕሲሎን አለ፤ የትኛውንም ካፒታል ኤን ብትመርጥ፣ ከዚያ በኋላ ከኤፕሲሎን ውጭ የሚገኝ ተርም አለ።» ይህን መጽሐፍ ሳታዩ መናገር ከቻላችሁ፣ ኮርሱ ሳይጀመር ብዙ መንገድ ሄዳችኋል።

ካልኩሌተር የማይደርስበት

«ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ቁጥሩን አስልቶ ማየት አይቻልም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስኪ ስልካችሁን አውጡና 1 ሲደመር ግማሽ፣ ሲደመር ሲሶ፣ ሲደመር ሩብ እያላችሁ ቀጥሉ። የምትደምሩት ነገር እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ድምሩ 10ን እንዲያልፍ 12,367 ተርም ያስፈልጋል። 20ን እንዲያልፍ ደግሞ ከ272 ሚሊዮን በላይ። ማንም ሰው ይህን ሲያይ «እንግዲህ አንድ ቦታ ይቆማል» ይላል።

አይቆምም። የፈለጋችሁትን ቁጥር ያልፋል። ይህን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም ያለ ካልኩሌተር አሳይቷል። ሲሶና ሩብ ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ። ቀጥለው ያሉት አራቱም ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ። ቀጥሎ ያሉት ስምንቱም እንዲሁ። ግማሽ ላይ ግማሽ ያለማቋረጥ እየተጨመረ የሚቆም ድምር የለም። ስልካችሁ ሚሊዮን ተርም ደምሮ የማይነግራችሁን ሁለት መስመር ፕሩፍ ይነግራችኋል።

አንድ ወር ቢኖራችሁ

እንግዲህ ለእህቴ የምላት ይህን ነው። ኮርሱ እስኪጀመር በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። ቻፕተሮቹን ቀድሞ ለመጨረስ መሮጥ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ሳምንት ለቋንቋው ይሁን። በየቀኑ አምስት ዓረፍተ ነገር ውሰዱ፤ የሰፈር ወሬም ይሁን ሒሳብ። «ለማንኛውም» እና «አለ» የት የት እንዳሉ ለዩ፣ ከዚያ ተቃራኒውን ጻፉ። በአማርኛ ጻፉት፣ በኦሮምኛ ጻፉት፣ በሚቀናችሁ ቋንቋ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ዴፊኒሽን ሸምድዶ መጻፍና ለጓደኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የገባችሁ መሆኑን የምታውቁት በሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ለርቀት ነው። አብሶሉት ቫልዩን «ምልክቱን ማጥፊያ» አድርጋችሁ የምታዩት ከሆነ ተዉት፤ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ርቀት ነው። እኔና እህቴ ሁለታችንም ከአራት ኪሎ አደባባይ ከ1 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ከቆምን፣ በመካከላችን ያለው ርቀት ከ2 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ይህ ትራያንግል ኢንኢኳሊቲ የሚባለው ነው። በቴስቱ ላይ ያሉት ፕሩፎች ግማሹ የሚቆሙት በእሱ ላይ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። «እኩል ነው» ከሚለው ይልቅ «ያንሳል» የሚለውን እጃችሁ ይልመድ።

ሦስተኛው ሳምንት ለፕሩፍ ነው። የ2 ስኩዌር ሩት ራሽናል አለመሆኑን፣ ፕራይም ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው፣ አንድ ሲኩዌንስ ሁለት ሊሚት ሊኖረው እንደማይችል፣ እነዚህን የመሳሰሉ ሰባት ስምንት ፕሩፎች ምረጡ። አንብቡ፣ ዝጉ፣ በባዶ ወረቀት ጻፉ። የተቋረጠባችሁ ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው።

አራተኛው ሳምንት ለምሳሌና ለአፍራሽ ምሳሌ ይሁን። ለእያንዳንዱ ዴፊኒሽን የሚያሟላ አንድ፣ የማያሟላ አንድ አዘጋጁ። «ባውንድድ ነው ግን ኮንቨርጅ አያደርግም»፣ «ኮንቲኒዩስ ነው ግን ዴሪቬቲቭ የለውም» የሚሉት ጥያቄዎች በመጡ ቁጥር ከኪሳችሁ የምታወጡት ነገር ይኑራችሁ።

መጽሐፍ ለሚጠይቁኝ፦ የሪቻርድ ሃማክ «ቡክ ኦፍ ፕሩፍ» ፕሩፍ መጻፍ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው፤ ደራሲው ራሱ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቆታል። የይርዢ ሌብል «ቤሲክ አናሊሲስ»ም እንዲሁ በነፃ ይገኛል። ለስለስ ያለ አማርጡ ብባል የስቲቨን አቦትን «አንደርስታንዲንግ አናሊሲስ» እመርጣለሁ። የዋልተር ሩዲን መጽሐፍ ከ1953 ጀምሮ ስሙ ገናና ነው፤ ለመጀመሪያ ንባብ ግን ደረቅ ነው፣ አንድ ገጽ ሦስት ቀን ቢይዛችሁ አትደንግጡ። ቪዲዮ ከፈለጋችሁ ኤምአይቲ የሪል አናሊሲስ ትምህርቱን በነፃ ለቆታል። ዳታ የሚያሳስባችሁ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስልካችሁ ላይ ያለውን ኤአይ ፕሩፍ ጻፍልኝ ብትሉት ይጽፋል፤ አንዳንዴ ትክክል፣ አንዳንዴ ትክክል የሚመስል ስህተት። ከመጠየቃችሁ በፊት ራሳችሁ ሞክሩ፣ ከጠየቃችሁ በኋላ በየመስመሩ «በምን አወቅህ?» በሉት። ፈተና ክፍል ውስጥ እሱ አይገባላችሁም።

ማንም ያልነገረው ልጅ

ይህን ሁሉ የምጽፈው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። የዶርም ጓደኛዬ ነበር። ካልኩለስ ላይ እኔን የሚያስጠናኝ እሱ ነው፤ ኢንተግራል በቃሉ የሚሠራ ልጅ። በዚያ ቴስት ከእኔ አንድ ነጥብ ዝቅ አለ። «ለካ እኔ ሒሳብ አልችልም» አለ። በሁለተኛው ቴስትም አልተሻለውም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዲፓርትመንት ቀየረ። አሁን ደህና ሥራ ላይ ነው፣ አልተጎዳም ይላል። ግን እስከ ዛሬ ሒሳብ ሲነሳ ወሬ ይቀይራል።

እሱ ሒሳብ ይችል ነበር። ጨዋታው መቀየሩን ማንም አልነገረውም። እኔም ብሆን ከእሱ ስለምበልጥ አይደለም የቀረሁት፤ ያን ቀን ተናድጄ ቢሮ ስለሄድኩ ነው። ኮርሱን በሲ ጨረስኩ። ቀጥሎ የመጣው ኮርስ ግን አላስፈራኝም።

ዝቅተኛ ነጥብ ስታዩ «አልችልም» ከማለታችሁ በፊት ወረቀቱን ይዛችሁ መምህሩ ጋ ሂዱ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ይህን ጽሑፍ ሳልጨርስ ለእህቴ የተቃራኒውን ነገር በድምፅ ላኩላትና አንድ ጥያቄ ሰጠኋት፦ 1፣ ኔጌቲቭ 1፣ 1፣ ኔጌቲቭ 1 እያለ የሚቀጥለው ሲኩዌንስ ምንም ሊሚት እንደሌለው አሳዪ። በማግስቱ «ኤፕሲሎን 1 ብል ይበቃል?» አለችኝ። «በምን አወቅሽ?» ብዬ መለስኩላት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ይህ መጣ፦

«ሊሚት አለው እንበል። ከአንድ ቦታ በኋላ ያሉት ሁሉ ከሱ ከ1 ባነሰ ርቀት ውስጥ መሆን አለባቸው። እነሱ ውስጥ 1ም አለ፣ ኔጌቲቭ 1ም አለ። ሁለቱም እዚያ ውስጥ ከሆኑ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ2 ማነስ ነበረበት። ግን ልክ 2 ነው። ስለዚህ ሊሚት የለውም። የአራት ኪሎው ነገር እኮ ነው!»

ይህ ሙሉ ፕሩፍ ነው፤ እኔ ብሆን ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። ኮርሷ ደግሞ ገና አልተጀመረም።